የረጋው ቁጥር

ጨው የበዛበት መሬት ውሃ እንዳይሰጠው ከተደነገገ አራት ዓመት ሆኖታል። በየጓሮው የተተከለች ትንሽ ኮምፒውተር የአፈሩን ጨው ትለካለች፤ ቁጥሩ ሰባት መቶን ሲያልፍ የቦዩ በር ይዘጋል፣ ሲወርድ ይከፈታል፤ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ከረጋ ግን ላንዴና ለመጨረሻ ይዘጋል።

የየሻረግ ቁጥር ግን ረግቶ አያውቅም። አንዴ ሦስት መቶ፣ አንዴ ዘጠኝ መቶ እያለ ሲዘል በሩም አብሮት ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሷንና ባሏን ከዓመት ዓመት የሚያኖራቸው ሽንኩርት በውሃ እጥረት ግማሹ ጠውልጓል።

«አንቺ ሴት፣ ያለውን አትነካኪ» አላት ባሏ ደምሰው፣ ኮምፒውተሯን ልትጠግን ስትነሳ፣ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩ ሴት ለዚች ልሸነፍ?»

መለኪያውን ከአፈሩ ነቅላ አጥባ መለሰችው፤ ቁጥሩ ያው ዘለለ። ገመዱን ቀየረች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከቦርዱ ጋር የሚያያዘው አንድ የሽቦ ጫፍ ላልቶ አገኘችው። የብየዳ ካውያዋን አግላ በየደችው። ቁጥሩ ረጋ።

«አየህ! እጄ ዛሬም አልከዳኝም።»

ደምሰው ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ መነጽሩን ፈልጎ አጠገቧ መጣ።

«ስምንት መቶ አርባ ይላል፣ የሻረግ።»

ሽቦውን መንጭቃ ነቀለችው። ቁጥሩ እንደገና መዝለል ጀመረ፤ የቦዩ በር ግን ደቂቃው ሞልቶ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ደምሰው ወደ ሽንኩርቱ ዞሮ፣ «ሳይደርቅ እንንቀለው» አለ።

«ገና ጣት አላከለም እኮ።»

«ቅጠሉ ለዛሬ ወጥ ይሆናል።»

«ለነገስ?»

ደምሰው ቅርጫት ሊያመጣ ገባ።