ከሶሊያና ጋር የታየችው ሴት

ሶሊያና የዓለም ሃይማኖቶችን ትምህርት የወሰደችው የፈለገችው ክላስ ስለሞላባት ነበር። አባቷ ጸጋዬ ሲሰማ ሳቀ።

«ከሰፈራችን ከኢንግልዉድ ሳትወጪ ዓለምን ልታዳርሺ ነው?» አላት።

እውነትም አዳረሰችው። አንድ ቀን እራት ላይ ቡድሃን ታመጣለች፤ ሌላ ቀን ሂንዱን። ጸጋዬ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ውሎ ቢደክመውም ከልጁ ጋር መከራከር ይወዳል። እናቷ የሺሃረግ ሳህን እያነሣች ታዳምጣለች።

እስልምና ላይ ሲደርሱ ግን ልጅቷ መጠየቅ አቆመች።

ጸጋዬን ያስፈራው ዝምታዋ ነው። ፀዲ የምትባል እህት ነበረችው። ደሴ ላይ ሙስሊም አግብታ ሰለመች። አባታቸው ስሟ በቤት ውስጥ እንዳይጠራ አዘዘ፤ ጸጋዬም ከዚያ ወዲህ አልጠራትም። አሜሪካ ድረስ ደውላለት ድምፅዋን ሲሰማ ስልኩን ዘጋባት።

ይህን ታሪክ ለየሺሃረግ የነገራት ገና ሳይጋቡ፣ ናይሮቢ በስደት ሳሉ ነበር። «ሃይማኖቱን የለወጠ ለእኔ ሞቷል» ብሏት ነበር ያኔ። እሷ የራሷ ዘመድ አልነበራትም። ሁሉም እንዳለቁ ነግራዋለች። እዚያው ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ተጋቡ።

አንድ ቀን እናትና ልጅ የሚጋሩትን መኪና ሊያጥብ የኋላውን ትራንክ ሲከፍት መስገጃ አገኘ። ይዞት ገባ።

«ይሄ የማን ነው?»

ሶሊያና እናቷን አየች። ከዚያ፣ «የእኔ ነው። ለክላስ ነው» አለች።

«ለክላስ ትሰግጃለሽ?»

«አባዬ፣ ፕሊስ።»

የሺሃረግ መስገጃውን ከእጁ ተቀበለች። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው።

በዚያው ሳምንት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ መንገድ ላይ ከጓደኛው ከመኩሪያ ጋር ምሳ ሊበላ ተቀመጠ። መኩሪያ እዚያው ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ዐይኑ ብዙ ያያል። ዛሬ ግን እንጀራውን እየቆረሰ መልሶ ያስቀምጠዋል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ጸጋዬ።

«ላስቀይምህ አልፈልግም። ዓርብ ለት ልጅህን መስጊድ በር ላይ አየኋት። ሂጃብ ካደረገች ሴትዮ ጋር ናት።»

«ምን ዓይነት ሴትዮ?»

«ጀርባዋን ነው ያየሁት። እጅ ለእጅ ተያይዘው እየገቡ ነበር።»

ጸጋዬ ምሳውን ትቶ ተነሣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱን ለብቻዋ ጠራት። «አንዲት ሴት ልጃችንን እየወሰደችብን ነው። እኔን አትሰማኝም፤ አንቺ አነጋግሪያት።»

የሺሃረግ ልጅቷ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምን አለችሽ?»

«ትንሽ ጊዜ ስጠን» አለችው።

ጊዜውን ሰጠ፤ ግን ተሰቃየ። መንገደኛ ጭኖ የአውራ ጎዳናውን መውጫ እየሳተ ያልፋል። እሑድ የሺሃረግ እንደ ልማዷ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አድርሳው አሮጊት ወደምትጠብቅበት ሥራዋ ስትሄድ፣ እሱ ከቅጥሩ ግድግዳ ተጠግቶ አለቀሰ። ያለ ሶሊያና ቤቱን ሊያስበው ሞከረ። ጫማዋ ከበሩ ሥር ሲጠፋ፣ ስሟ እንደ ፀዲ ስም ሲከለከል።

በመጨረሻ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሲያመጣት መኪናውን ዳር አቆመ።

«ሴትየዋ ማን ናት?»

«ቃል ገብቼላታለሁ። አልነግርህም።»

«ከእኛ በልጣብሽ ነው?»

ሶሊያና እንባዋ መጣ። «እማዬ ነግራኛለች። ሙስሊም ብሆን እንደ አክስቴ ፀዲ ታደርገኛለህ?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ እንቢ አለው። መሪው ላይ ተደፍቶ፣ «አልችልም፣ ልጄ» አለ። «አንቺን መቁረጥ አልችልም። ፀዲንስ ምን አደረገችኝ ብዬ ነው የቆረጥኳት?»

ልጅቷ እጁን ያዘችው።

በማግስቱ ግን መጥታ፣ «ለሃይማኖት ክላሱ እያንዳንዳችን ኢንተርቪው ያደረግነውን ሰው ሐሙስ ይዘን እንመጣለን። የእኔዋ ያቺ ሴትዮ ናት። መኪና ውስጥ ያልከኝን ነግሬያታለሁ። ይምጣ ብላሃለች» አለችው።

ረቡዕ ማታ የሺሃረግ ሸሚዙን ተኮሰችለት።

«አትቆጣ» አለችው። «መጀመሪያ ስማት።»

«አንቺም ነይ፣ የሺ። ብቻዬን እፈራለሁ።»

«በርባንክ የምጠብቃቸው አሮጊት ከእኔ ሌላ ማንም የላቸውም» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እግዜር ያውቃል፣ እኔም እፈራለሁ።»

ሐሙስ ጸጋዬ ሥራውን ትቶ ከሶሊያና መማሪያ ክፍል ኋላ፣ ለጉልበቱ የጠበበ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለጠብ አልመጣም። ሴትየዋ እግር ላይ ሊወድቅ፣ ልጄን መልሺልኝ ብሎ ሊለምናት ነው የመጣው። ካልሆነም፣ ከእኔ ሳትለዪያት አስተምሪያት ሊላት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠናው አድሯል።

ተማሪዎቹ እየተነሡ እንግዶቻቸውን አቀረቡ። አንዱ መነኩሴ አመጣ፤ አንዷ ሽማግሌ ጎረቤቷን።

የሶሊያና ተራ ደረሰ። አባቷን አንድ ጊዜ አየችውና ሄዳ በሩን ከፈተች።

ሂጃብ ያደረገች ሴት አንገቷን ደፍታ ገባች። ጸጋዬ ብድግ አለ። ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

አስተማሪዋ፣ «እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን ይንገሩን» አለቻት።

ሴትየዋ ቀና ብላ እሱን ብቻ አየች።

«ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ዙሌይካ ነው» አለች የሺሃረግ።