ስብ አቅላጩ አልጌ

የተመራማሪው ደስታ ከልክ አልፏል። ከባሕር ዳርቻ አስለቅሞ፣ አድርቆና ፈጭቶ ያወጣው የቀይ አልጌ ዱቄት ስብ የሚያቀልጥ ንጥረ ነገር አለው ባለ ቁጥር፣ ባልደረቦቹ «የባሕር አረም ደግሞ ምን ሊፈይድ!» እያሉ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲስቁበት ኖረዋል። አሁን ግን ዱቄቱ የታዘዘላቸው ሰባት የሰቡ የሙከራ አይጦች በሁለት ሳምንት ጎድናቸው እስኪቆጠር ከሱ። ከሰባቱ አንዷ ብቻ አሻፈረኝ ብላ እንደ ከበሮ ተነፋች። እሷንም «ተፈጥሮዋ መድኃኒት አይቀበልም» ብሎ በሪፖርቱ ግርጌ ጻፈላት።

ውጤቱን በማግስቱ ለጉባኤ ሊያቀርብ ነውና፣ አይጦቹን የሚመግቡትን እማማ ጌጤነሽን ለማመስገን ወደ ቤተ ሙከራው ወረደ።

«እማማ፣ ዱቄቱን በየጠዋቱ ሳያጓድሉ ስለሰጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«የቱን? ያንን ቀዩን?» እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከባሕር የወጣ ነው አላሉኝም እንዴ ዶክተር? የዓሣ ዱቄት መስሎኝ ለፋሲካ አስቀምጬላቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው እንዲህ የከሱት?»

«ምን ይሆናሉ! ሁዳዴ አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸውን አያሟሹም።»

ተመራማሪው በቀረችው ተስፋ ወደ ወፍራሟ አይጥ በጣቱ ጠቆመ።

«እሷማ» አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነፍሰ ጡር ናት፤ በምን አቅሟ ትጹም?»