የተቋጠረው ሐረግ

በብራና ላይ ስም የሚያስጌጡት ሽማግሌ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከፊደሉ የሚወጣውን ሐረግ በሕይወት ላለ ሰው ጫፉን ክፍት ይተውታል፤ ለሟች ግን መልሰው ይቋጥሩታል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

አንድ ሰው የሚስቱን ስም ሊያስጽፍ መጣ።

«ትርንጎ ብለው ይጻፉልኝ። ሐረጉን ይቋጥሩት» አለና አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«አሜን።»

አሳዘናቸውና ሌላውን ሥራ ትተው ተቀመጡ። «ት»ን በወይን ቅጠል ከበቧት፤ ቀዩን ሐረግ አዙረው አዙረው ቋጠሩት።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት ሴት እየሳቀች ገባች።

«ትርንጎ እባላለሁ፣ አባባ። ባለቤቴ በድብቅ ስሜን እያስጻፈልኝ ነው ቢሉኝ አላስችል ብሎኝ መጣሁ። ነገ ጣና ላይ በጀልባ ሲያንሸራሽረኝ ሊሰጠኝ ነው መሰለኝ።»