ስምንተኛዋ ገዢ

ኮንዶሚኒየሙ ሊሸጥ ነው ከተባለ ወዲህ ተከራይዋ አዲስ ሙያ ለምዳለች። ደላላው ገዢ ይዞ በመጣ ቁጥር በፈገግታ ትቀበላለች፤ እሱ ስልክ ሊያነጋግር በረንዳ ሲወጣ ግን ጠጋ ብላ የቤቱን ጉድ ትዘከዝካለች። ምን ታድርግ? የልጇ ትምህርት ቤት እዚሁ አጠገብ ነው፤ በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት አይገኝም። እስካሁን ሰባት ገዢ እንዲህ አድርጋ ሸኝታለች።

ስምንተኛዋ ከዘራ የያዙ እናት ናቸው፤ እማማ ትርንጎ ይባላሉ። ትልቅ ግቢ ያለው ቪላ ውስጥ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ሲነግሯት ደስ አላት። የቪላ ሰው ይህን ግርግር የት ይችለዋል!

ደላላው ስልኩ ጠራና በረንዳ ወጣ።

“እማማ፣ እንደ ልጅዎ ልንገርዎት” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ከላይ ያሉት ልጆች ሲዘሉ ነው የሚውሉት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚህ ይሰማል። የብሎኩ ሴቶችማ አይጣል ነው! ባለፈው እሑድ ትንሽ ተኝቼ ባረፍድ፣ ‘ምን ሆና ነው?’ ብለው በሬን ሊሰብሩት ነበር።”

እማማ ትርንጎ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ልጆቹ ዱብ ዱብ ይላሉ።

“እውነት ሊሰብሩት ነበር?”

“በልጄ ሞት!”

“እኔ ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ ሰው ያገኘኝ በሁለተኛው ቀን ነው” አሉና ወደ በረንዳው ዞሩ። “አንተ ልጅ፣ ና! ሌላ ቤት አታሳየኝ።”