የኛዳክ ዱቄት

ባሮ ሞልቶ የጎሬ መንገድ በተቆረጠበት ክረምት፣ ኦፒውን እግሩን ያቃጥለው ጀመር።

ኦፒው ጋምቤላ ውስጥ የእርዳታ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሹመቱን ካገኘ ወዲህ ማሽላና ኦቾሎኒ "የባላገር ምግብ" ሆኖበታል። ጠዋት ማታ ነጭ ሩዝ ብቻ፣ ያውም ውሃው እስኪጠራ የታጠበ። ሚስቱ ኛዳክ ግን ከማሽላ ገንፎዋ አልተላቀቀችም።

እግሩ አበጠ። በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ትንሽ ሲራመድ ልቡ ይደልቃል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኪየር ሊያየው ቢመጣ ከደጅ መለሰው። ኪየር ድሮ ኛዳክን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ይህን የማያውቅ በሰፈሩ የለም።

"ከዚያ ሰው እጅ ውሃ እንኳ አልቀምስም!" አለ ኦፒው።

ከዚያ ወዲህ ኛዳክ በጓሮ በኩል ወደ ኪየር ቤት መመላለስ አበዛች። ጎረቤት አየ። ጎረቤት ደግሞ አይቶ ዝም አይልም፤ ለኦፒው ነገረው።

አንድ ጠዋት ኦፒው በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። ኛዳክ ከልብሷ ጫፍ የተጠቀለለ ወረቀት ፈትታ፣ ነጭ ዱቄት ሻዩ ውስጥ ልትጨምር ነው። ወይ ጉድ!

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብሎ ቀበሌ ላከ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው መጡ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"መድኃኒቱ ነው" አለች ኛዳክ። ወደ ባሏ ዞረች። "ጠጣልኝ፣ በእናትህ!"

"መድኃኒት ከሆነ አንቺው ዋጪው!"

"እኔማ አይሆንም!"

"አያችሁ? ፈራች!"

"ማን ሰጠሽ?" አለ አንደኛው ጠባቂ።

ወረቀቱን በመዳፏ ጨበጠች። አፈሙዙ ወደ እሷ ዞረ።

"ዋጪ!"

ኛዳክ ኦፒውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እያለቀሰች ወረቀቱን አፏ ውስጥ አራገፈች፤ ቅንጣት አልቀረም።

ተቀምጠው መሞቷን ጠበቁ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ኛዳክ አልሞተችም፤ ማልቀሷንም አላቆመች።

ጎረቤት ስሙን አስቀድሞ ጠርቶ ነበርና ኪየርን አስረው አመጡት። ባዶውን ወረቀት አየ፤ የኦፒውን እግር አየ።

"ማነው የዋጠው?"

"እሷ ናት፤ እኛ አስገድደናት" አለ ጠባቂው።

ኪየር መሬት ላይ ዘጭ አለ።

"ቫይታሚን ቢ ዋን እኮ ነው! ልብ ያለ እሱ አይሠራም፤ ነጭ ሩዝ ደግሞ የለውም፤ ማሽላ ነው ያለው። ይሄ ልብ እንግዲህ ማሽላ እስኪያድነው የሚቆይ አይደለም።"

"ታዲያ ሌላ ስጠኛ!" አለ ኦፒው።

"ለኛዳክ ነግሬያት ነበር፤ የቀረችን ያቺ አንዲት ጥቅል ብቻ ናት፤ ሌላ የሚመጣው ባሮ ሲጎድል ነው።"