የግቢው ባለቤት

ሰውየው ስሙን መናገር ከተወ ቆይቷል። ስልክ ደውሎ እንኳ «ማን ልበል?» ሲሉት መልሱ «ባለቤቱ» ነው። የግቢው ተከራዮችም ስሙን አያውቁትም፤ «ባለቤቱ መጡ» ሲባል ሬዲዮ ይቀንሳሉ።

አንድ እሑድ ጠዋት አዲሷ ተከራይ ትርንጎ የሠርግ ፎቶዋን ልትሰቅል ምስማር ስትመታ ሰማና በፒጃማው ሮጦ ደረሰ።

«የማንን ግድግዳ ነው የምትበሺው? ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪልኝ!» ብሎ መዶሻውን ነጠቃት።

«ጋሼ፣ እትዬ የሺመቤትን አስፈቅጄ እኮ ነው።»

«እሷን ምን አገባት? ባለቤቱ እኔ!»

ጩኸቱን የሰማችው ሚስቱ የሺመቤት ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለች።

«እስቲ ንገሪያት፤ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም?» አላት።

«ነህ እንጂ» አለች ረጋ ብላ። «የእኔ ባለቤት ነህ። ቤቱን ግን ለእኔ ያወረሰኝ አባቴ ነው።»

ተከራዮቹ ከየበራቸው አንገታቸውን አስግገዋል። ሰውየው መዶሻውን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከፍ ይበል ወይስ እዚህ ይበቃል?» ሲል ትርንጎን ጠየቃት፤ ምስማሩንም ራሱ መታላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ…» አለች ትርንጎ ሳቋን እየዋጠች። «ጋሼ ማን ልበል?»