ዘጠነኛው ቤት

ጋሼ ቀለሙን ዝርክርክ ጽሑፍ ያቅለሸልሻቸዋል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። የጥንቱ የሰንጠረዥ ጨዋታ አሰላለፍ በየአገሩ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲጻፍ ደንብ አውጥተዋል፤ ለእያንዳንዱ ጠጠር አንድ ፊደል፣ ለባዶ ቤቶች ደግሞ ቁጥር። ሲደመር እያንዳንዱ መስመር ስምንት ቤት መሆን አለበት።

ሀፊዝ የተባለ ተጫዋች ከኮምቦልቻ በቴሌግራም የሚልከው ጽሑፍ ሦስተኛ መስመር ግን ሁልጊዜ ዘጠኝ ይመጣል።

ደወሉለት። «አንተ፣ ስምንት መቁጠር ያቅትሃል?»

«ወላሂ ጋሼ፣ ገበታው ላይ ያለውን ነው የጻፍሁት። መጥተው ይዩት።»

እየተነጫነጩ ወረዱ። ገበታው የሀፊዝ አያት ከፍየል ቆዳ ያሠሩት ነው፤ እንደ ሰነበተ ሥጋ ይሸታል። ጋሼ ቀለሙ አፍንጫቸውን ይዘው ሦስተኛውን መስመር ቆጠሩ። ዘጠኝ። ዘጠነኛው ቤት ከጠርዙ ወጣ ብሏል፤ ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ስስ ጸጉር አብቅሏል።

«ባለፈው ሳምንት ይሄን አያህልም ነበር» አለ ሀፊዝ።

ጋሼ ቀለሙ እየተጸየፉ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ለብ ይላል።

የጣታቸው ቅዝቃዜ የገበታውን ቆዳ ውርር አደረገው፤ ጸጉሩም ቆመ።